ከብቱን የሚገድለው ማጡ አይደለም

(ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር ለተሰበሰቡ የጣና ዳር ገበሬዎች፣ እረኞችና የእንስሳት ጤና ተማሪዎች የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው ሳሌንና የማይክራፎኑን ጩኸት ብቻ ነው ያወጣሁት።)

እንደምን አረፈዳችሁ!

አልሰማሁም። እንደምን አረፈዳችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህ። እንዲህ ነው እንጂ!

ከፎገራ የመጣችሁ አላችሁ። ከደምቢያ፣ ከዘጌ አላችሁ። ከደቅ ትናንት በጀልባ ተሻግረው ያደሩ እንዳሉም ነግረውኛል። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ክበሩልኝ። ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ስልኩን ኪስ አስገቡት። ደብተር የያዘ አለ? ጎሽ።

ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ነገር እያያችሁ ስትሳሳቁ አይቻለሁ። መጫኛ ነው። የቆዳ መጫኛ። የዛሬ ልጆች የምታውቁት ናይለን ስለሆነ ይገርማችሁ ይሆናል። የአባቴ ነው፤ ቅቤ እየቀባሁ እስከ ዛሬ አቆይቼዋለሁ። አንድ በሬ የሞተው በዚህ መጫኛ ነው። እነግራችኋለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ከብት ለምን ማጥ ውስጥ ይያዛል? ሁለተኛ፣ እንዴት ይወጣል? ሦስተኛ፣ መኪና በማይደርስበት ቦታ በሰው ጉልበት፣ በእግር፣ እንዴት ይወሰዳል? ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ከወዲሁ ይቅርታ።

አንደኛው አጭር ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14፣ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ዳሩ ደግሞ፣ በተለይ በፎገራና በደምቢያ በኩል፣ እንደ ትሪ ለጥ ያለ ነው። ትሪ ላይ ትንሽ ውኃ አፍስሳችሁ አንድ ጫፉን በጣት ከፍ ብታደርጉት ውኃው ምን ይሆናል? ጥሏችሁ ይሄዳል። ጣናም እንደዚያ ነው። መስከረም ላይ ሞልቶ እስከ ግንቦት ሲጎድል፣ ከፍታው የሚወርደው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዳሩ ግን ስንት መቶ ሜትር ይሸሻል!

ባሕር ሸሽ የምትሉት መሬት እሱ ነው። ለእናንተ እርሻ ነው። ለከብት ወጥመድ ነው። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሥሩ ዋልካ ነው፤ ገና ገንፎ ነው። የጠማው ከብት ውኃውን ያያል እንጂ ገንፎውን አያይም። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ እምቦጭ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም፣ መጣላችሁ። ከሩቅ ሲያዩት ለምለም መስክ ነው። በየካቲት ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ብቻ ይለመልማል። የራበው ከብት ምን ያድርግ?

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ መንጋ ነው የሚወርደው። 30 ከብት በአንድ መንገድ ወርዶ 29ኙ ተመልሶ አንዱ ለምን ይቀራል? እስቲ ንገሩኝ። አዎ እዚያ ጋ፣ እናቴ? "የከሳው ነው።" ትክክል! የከሳው ነው። ለምን ከሳ? ረግረግ ላይ የሚግጥ ከብት የጉበት ትል አለበት። ትሉ የሚመጣው ከቀንድ አውጣው ነው፤ ቀንድ አውጣው ያለው ደግሞ ረግረጉ ውስጥ ነው። ክረምቱን ሲግጥ ይውጠዋል፣ በጋውን ጉበቱን ይበላዋል፣ መጋቢት ላይ አጥንቱን ይዞ ይቀራል። ጤነኛ በሬ ብዙ ጊዜ ተንደፋድፎ ራሱ ይወጣል። እንግዲህ ማጥ ውስጥ የቀረ ከብት ስታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልታከመ ከብት ነው ያያችሁት። ይህን ስል ደስ የማይለው ሰው አለ። አውቃለሁ። ልቀጥል።

ሁለተኛው።

1965 ዓ.ም ነው። 9 ዓመቴ ነበር። ቡሬ የሚባል በሬ ነበረን። የፎገራ ዘር፣ ጥቁርና ነጭ። ሚያዝያ ላይ ውኃ ሊጠጣ ወርዶ እስከ ሆዱ ገባ። እረኛው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ። ምን እያደረግሁ ነበር? ገበጣ እየተጫወትኩ ነበር።

አባቴ ጮኸ። አገር ደረሰ። 20 ሰው ይሆናል። ይቺን መጫኛ አንገቱ ላይ አስረው "ሆ!" አሉ። ደግሞ "ሆ!" አሉ። ወኔው እንደ ሠርግ ነው። በሬው አንድ ጊዜ አጓራ። ሁለተኛ አላጓራም። "ወጣ! ወጣ!" ይላል ሰው። አዎ፣ ወጣ። ሞቶ ወጣ።

አባቴ ማንንም አልወቀሰም። ሥራቸውን ጥለው የመጡ ሰዎችን እንዴት ይወቅሳል? "ማጡ በላው" አለ። ሁሉም "ማጡ በላው" አሉ። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያ ስል ኖርኩ። ማጡ ግን አልበላውም። ወገኖቼ፣ በሬ ከጭቃ ይቀላል። እስከ ሆዱ ይገባል፣ ከዚያ ሆዱ ይዞት ይቆማል። ሲኒማ ላይ እንደምታዩት ጆሮው እስኪጠፋ አይሰምጥም። ራሱ ቀና ካለ፣ አፍንጫው ከውኃ በላይ ከሆነ፣ ጊዜ አላችሁ። ጊዜ አላችሁ! በሬያችንን የገደለው ገመዱ ነው። ጥድፊያው ነው።

"አንተማ ተምረሃል፣ ከዚያ በኋላ አልተሳሳትክም" ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ።

1981 ዓ.ም። አዲስ ተመራቂ ነኝ፤ ነጭ ጋዋን ለብሼ ገጠር የምወርድ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ላም ተያዘችባቸው ተብዬ የመሥሪያ ቤት መኪና ይዤ ሄድኩ። መኪና እያለ ለምን ሰው ይደክማል? የኋላ እግሯን በናይለን አሳሰርኩና ሾፌሩን "ንዳ" አልኩት። ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ "ንዳ" ያልኩት። ቋ የሚል ድምፅ ሰማን። የዳሌዋ መገጣጠሚያ ነው። ላሟ ወጣች። ዳግመኛ አልቆመችም።

ሴትዮዋ ምን አሉኝ? ምንም። ቤታቸው አስገብተው ጠላ ቀዱልኝ። ጠጣሁት። እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

እሺ። እንዴት ይወጣል ታዲያ? ያስተማሩኝ ትምህርት ቤት አይደለም። 1995 ዓ.ም ነው። ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ዓመት ግንቦትና ሰኔ ላይ ጣና ተለክቶ ከሚታወቀው ሁሉ ወርዶ ነበር። መርከብ እስከመስተጓጎል ደረሰ። ደንገሉ፣ ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ጭቃው ማለቂያ አልነበረውም። በየቀኑ ድረሱልን ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ አንዲት ጊደር ጋ ስንደርስ እንደ ልማዳችን መጎተት ጀመርን። አንድ ታንኳ ሠሪ አባት በሩቅ ቆመው ያዩናል። ብዙ ቆይተው "ልጄ፣ ጥጃ ከጡት ስታላቅቅ እንዴት ታደርጋለህ?" አሉኝ።

"ጣቴን በአፉ ጥግ አስገባለሁ" አልኳቸው።

"ለምን አትጎትተውም?"

"ጡቷ ይቆስላላ!"

"ጭቃም ይጠባል" አሉኝ። "ጣትህን አስገባለት።"

በቃ። የ14 ዓመት ሥራዬን በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ሰምታችኋል? ጭቃ ይጠባል! እግሩን ወደ ላይ ስትስቡት ከሰኮናው ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ባዶው መልሶ ይስበዋል። እናንተ በጎተታችሁ ቁጥር እሱም ይጎትታል። አየር ወይም ውኃ ከሥሩ ሲገባ ግን ይለቃል።

ሰውዬው ታንኳቸውን እያንሸራተቱ አመጡና ጭቃው ላይ ከጊደሯ ጎን አጋደሙት። ደንገል ነውና አይሰምጥም። እሱ ላይ በሆዳችን ተኛን። ውስጡ የተበሳ ቀርከሃ በእግሯ ዳር ወደ ታች ሰደዱና በቅል ውኃ ያፈስሱበት ጀመር። ያፈስሳሉ፣ ቀርከሃውን ያወዛውዛሉ፣ ያፈስሳሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ "ቧ" የሚል ድምፅ መጣ። ያን ድምፅ እስከምሞት አልረሳውም። አንድ እግር ተለቀቀ። ከሥሩ የደንገል እስር አስገቡበት፣ ተመልሶ እንዳይገባ። ወደ ቀጣዩ እግር።

አራቱም እግር እስኪያልቅ ጨለመ። ጉማሬ ሊወጣ ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንደምታውቁት ለግጦሽ የሚወጣው በማታ ነው፣ መንገዱ ላይ ከቆማችሁበት ደግሞ አይለምናችሁም። ሰውዬው ባትሪ የያዘ አንድ ልጅ አቁመው ሥራቸውን ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ጊደሯን ያወጣናት 6 ሰዎች ነን። ስድስት! ቡሬን 20 ሰው ነበር የጎተተው።

ዛሬ ይህን ለመሥራት ቀርከሃ አያስፈልጋችሁም። ፎገራ ውስጥ ለመስኖ የውኃ ሞተር የሌለው ሰፈር የለም። ቱቦው ጫፍ ላይ ረዘም ያለ የብረት ቧንቧ ግጠሙና በእግሩ ዳር ስደዱት። ሞተሩን ቀስ አድርጋችሁ፤ ጉድጓድ እየቆፈራችሁ አይደለም። ሞተር ከሌለ ጀሪካንና ቀርከሃ። ቀርከሃ ከሌለ እጅ። እጅ አለ አይደል?

ገመዱስ? አሁን ወደ መጫኛዬ እንምጣ። አንገት ላይ አይታሰርም። ቀንድ ላይ አይታሰርም። ጅራት ላይ አይታሰርም። እግር ብቻውን አይጎተትም፤ ይህን እኔ በላሟ ዳሌ ተምሬዋለሁ። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ደረቱን አዙራችሁ ነው። መጫኛውን በጆንያ ጠቅልሉት፣ ሰፋ ይበል። ቀጭን ናይለን ቆዳ ይበጣል። ሲባጎ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ እንኳን መጣህ በሉና ባትሪ አስይዙት። ስትስቡ ወደ ላይ አይደለም፤ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ወደ መጣበት አቅጣጫ። የመጣበት መንገድ ቢያንስ አንዴ ችሎታል። ማንም ሰው ደግሞ ከፊቱ አይቁም። ደክሞ የሞተ የሚመስል በሬ እግሩ ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ የጎን አጥንቴ ያውቃል።

አንድ ነገር ረስቼ። አረቄ። እባካችሁ! ከብቱ ገና ጭቃ ውስጥ እያለ አፉን ፈልቅቆ አረቄ የሚያጠጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። "ይሞቀዋል" ይላል። የደከመ ከብት መዋጥ አይችልም። ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። ከማጥ የተረፈ ስንት ከብት በሦስተኛው ቀን በሳንባ ምች ሞቷል። አረቄውን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ጠጡት፤ እሱንም ሥራው ካለቀ በኋላ።

ሦስተኛው። ወጣ እንበል። መቆም አልቻለም። መንደሩ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ መኪና የለም። ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ በደረቱ አስተኙት። በጎኑ የተዘረጋ ከብት ጋዙን ማግሳት አይችልም፤ ሆዱ ይነፋል፣ ይታፈናል፣ ይሞታል። ግራና ቀኝ የጭድ እስር አስደግፉት። ጭቃውን እጠቡ፣ በጭድ አድርቁ፣ ጋቢም ይሁን ጆንያ አልብሱት። የጣና ዳር ሌሊት በየካቲት እንዴት እንደሚበርድ ለእናንተ አልነግራችሁም። በየሁለት ሰዓቱ ወደ ሌላው ጎኑ አዙሩት። ለምን? 300 ኪሎ ሥጋ አንድ እግር ላይ ተኝቷል። ከሥሩ ያለው ጡንቻ ደም አጥቶ ይሞታል። ማጡን አምልጦ በራሱ ክብደት ሽባ የሆነ ከብት ብዙ አይቻለሁ።

ከዚያ መውሰድ። አንድ ልጅ በስልኩ ቪዲዮ አሳይቶኝ ነበር። ካናዳ ነው። ቢቨር የሚባል፣ ወንዝ በእንጨት የሚገድብ እንስሳ አለ። ትልቁ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አጥማጁ በረዶ ላይ በእግሩ ሄዶ ከወጥመድ ያወጣዋል፣ በጀርባው አይሸከምም፤ ሸርተቴ ላይ አድርጎ ይስበዋል። ደግሞ ሙዝ የሚባል አጋዘን መሳይ አውሬ አላቸው። አትሳቁ! የሚላጠው አይደለም። ግማሽ ቶን የሚሞላ አለው። እሱን እዚያው ከፋፍለው ነው በየተራ የሚያመላልሱት። የበረዶ አገር ሰው ያወቀው ነገር ምንድን ነው? መሬት መሸከም ሲችል አንተ አትሸከም።

እኛስ ምን አለን? ቆዳ አለን። የደረቀ የበሬ ቆዳ ጠጉሩን ወደ መሬት አድርጋችሁ አንጥፉ። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ይሁን፤ አንገቱ በኩል ወደ ፊት ማለት ነው። አዙራችሁ ካነጠፋችሁት ጠጉሩ እየተቋቋመ ይይዛችኋል። ቀና ሲሆን ግን ሣር ላይ፣ እርጥብ ዋልካ ላይ ሸርተት ይላል። 8 ሰው አንድ በሬ ይስባል። ገደልና ድንጋይ ካለ ግን ቆዳው አይሆንም። ቃሬዛ ነው።

ቃሬዛን ለእናንተ አላስተምርም። ምጥ የያዛትን ሴት ሌሊት ተሸክማችሁ ጤና ጣቢያ ያደረሳችሁ ሰዎች ናችሁ። የከብቱ ልዩነቱ ስሌቱ ነው። ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ፣ ከሥራቸው አራት አግዳሚ። በየአግዳሚው 4 ሰው፣ 16 ሰው። 300 ኪሎ ለ16 ሲካፈል ከ19 ኪሎ አይበልጥም። እንጨቱ ሲጨመር ጥቂት ያልፋል። ሰው የሚሸሸው "በሬ ተሸከም" ሲባል ነው እንጂ 19 ኪሎማ አንድ የውኃ ጀሪካን አይሞላም። እናቶች፣ ሰማችሁ? በየቀኑ የምትሸከሙት ነው፤ ለዚያውም ብቻችሁን! ቁመት የሚመሳሰል በአንድ አግዳሚ ይሁን። ዳገት ላይ አጭሩ ከፊት፣ ቁልቁለት ላይ ረጅሙ ከፊት። የሚተካ ሌላ 16 ሰው ከጎን ይሂድ። ሳታስቀምጡ ተቀባበሉ፤ አንዴ ካስቀመጣችሁት መልሶ ማንሳቱ ነው ወገብ የሚቆርጠው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ሁለት ሰዓት መንገድ በሬ በቃሬዛ የተሸከመ ሰው አላየሁም። አህያና ጥጃ፣ አዎ። በሬ ከሆነ እስከ ደረቅ መሬት ብቻ ነው። ከዚያ ቤቱን ወደ እሱ ውሰዱለት። ዳስ ጣሉለት፣ ድርቆሽና ውኃ አቅርቡለት፣ በተራ እደሩ። በሦስት ቀን፣ በአራት ቀን የቆመ አለ። በሰባት ቀን የቆመም አለ። ያቺ የ1995ቷ ጊደር በአምስተኛው ቀን ነው የተነሣችው። ደንገል ስትበላ አገኘናት።

የማይተርፍስ? እግሩ የተሰበረስ? ያን ጊዜ አትዘግዩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሞተ አይበላም። ነፍሱ ሳትወጣ ይታረድ። 300 ኪሎ በሬ ከታረደ በኋላ ሥጋው ከነአጥንቱ ግማሹ ቢሆን ነው። አራት ቦታ ሲከፈል አንዱ ብልት ከ40 ኪሎ በታች ነው፤ አንድ ጎበዝ ይሸከመዋል። ቅርጫ አድርጋችሁ ተካፈሉትና ገንዘቡን ለባለ በሬው ስጡት፤ አባቶቻችን እንደሚያደርጉት። ችግሩ፣ ማጥ የሚበዛበት ጊዜና ዐቢይ ጾም ይገጣጠማሉ። ሥጋው ቋንጣ ይሆናል እንጂ ያን ቀን ክርስቲያኑ አይቀምስም። እኔ ልጅ ሆኜ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ያልታሰበ ሞት የሞተ፣ ከአፍንጫው ጥቁር ደም የሚወርድ ከብት ካያችሁ ማጥ ነው ብላችሁ አትክፈቱት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ሰውንም የሚይዝ በሽታ ነው። ሳትነኩ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። መርፌ ተወግቶ የቆየ ከሆነም ሥጋው መቼ እንደሚበላ ጠይቁ።

ሰዓቱ አለቀ እያሉኝ ነው። ጥያቄ ውጭ ሣሩ ላይ እንቀጥላለን። ጆንያና ባሕር ዛፍ አስመጥቻለሁ። ይቺን መጫኛ ደረት ላይ እንዴት እንደምናስር ላሳያችሁ ነው። በሬ የሚሆንልኝ አንድ ወፈር ያለ ሰው እፈልጋለሁ። እዚያ ከኋላ በሩ ጋ ያለኸው ወንድሜ፣ ምን አንገትህን ትደፋለህ? ና እንጂ። አንገትህ ላይ አላስርም አልኩ እኮ።